ከመቀስ እጅ የተጠጣ ውሃ

ግድግዳ የምጋራት ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ ቅናቷን መደበቅ አትችልም። ስትቀና የስፌት መኪናዋ ያሳብቅባታል፤ ፔዳሉን እየረገጠች ግቢውን ታናውጠዋለች። በዚያ ሙቀት በጠናበት ወር መኪናው አረፍ ያለበትን ቀን አላስታውስም።

ያስቀናት ደግሞ የሰው ሀብት አልነበረም፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው።

አባቷ ዕድሜ ልካቸውን ለሰው ሲቀዱ የኖሩ የሆቴል አስተናጋጅ ነበሩ። አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሆኖም ሸሚዛቸውን ሱሪ ውስጥ ሳይከቱ በር ላይ አይታዩም። ሱሪያቸውን የምትሰፋው እሷ ናት። ዚፕ አታስገባም፣ ቁልፍ በቁልፍ ታደርገዋለች፤ ቀዳዳውም ጥብቅ ነው። "እኔ የቆለፍኩትን ማንም አይፈታውም" እያለች ትኮራበታለች።

የቆርቆሮ ጣሪያው ሲግል ቤቱ ምድጃ ይሆናል። አንድ ቀን አባቷ ከወንበር ሲነሱ ዞሮባቸው ወደቁ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ አየቻቸውና፣ "ሰውነታቸው ውሃ አጥቷል። በዚህ ዕድሜ ጥሙም አይሰማም፤ እስኪጠይቁሽ አትጠብቂ፣ ቶሎ ቶሎ ትንሽ ትንሽ አጠጪያቸው። እንዲህ ከቀጠሉ ኩላሊታቸው አይተርፍም" ብላ አስጠነቀቀቻት።

ከዚያ ወዲያ ብርጭቆ ይዞ መቆም ሆነ ሥራዋ። ሎሚ ጨመቀችበት፣ ሐብሐብ ቆረጠችላቸው።

"አባባ፣ ትንሽ ብቻ ይጠጡልኝ።"

"አልጠማኝም አልኩሽ እኮ ልጄ።" ከንፈራቸውን ያረጥቡና ይመልሱላታል።

ከሰዓት በኋላ መቀስ ይመጣል። መቀስ የምንለው ማዶ ያለውን ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ምላሱም እንደ መሣሪያው አታርፍም። ደንበኛ ሲጠፋ ሊያጫውታቸው ብቅ ይላል። "አባባ፣ እስቲ እንጠጣ!" ሲላቸው ያንኑ እሷ የቀዳችውን ውሃ ግጥም አድርገው ይጠጡና "ጨምርልኝ" ይሉታል።

"አባባ ይላቸዋል ደግሞ! ማን ወለደውና?" አለችኝ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። "ሎሚ ስጨምቅ እጄ ያለቀው እኔ፣ የሚወደደው እሱ! በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይሄ ነው።"

"ዋናው መጠጣታቸው አይደል እንዴ?" ብላት፣ "አንቺም የሱ ወገን ነሽ" ብላ መኪናውን አስጮኸችብኝ።

በመጨረሻ አላስቻላትም። መቀስ ከነሳቁ በሩ ላይ ሲደርስ "ተኝተዋል" ብላ መለሰችው። በማግስቱም ተኝተዋል። ምን ይተኛሉ! ዓይናቸው በር በሩን ሲያይ ይውላል፤ ውሃውም ሳይነካ አጠገባቸው ይሞቃል። ከቀን ወደ ቀን ድምፃቸው እየሰለለ ሄዶ ከወንበራቸው መነሳት አቃታቸው። ስትጮህ እኔና መቀስ እኩል ደረስን።

መቀስ ብርጭቆውን አንስቶ ተንበረከከ። "አባባ፣ እኔ ነኝ። ይጠጡ፤ በኋላ እወስድዎታለሁ።"

ጠጡለት።

"የት ነው የምትወስዳቸው?" አለች፣ ዓይኗ ደም ለብሶ።

መቀስ በአገጩ ወደ ጓሮ፣ ወደ መጸዳጃ ቤቱ አመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የሱሪያቸው ቁልፍ እምቢ ይላቸዋል። አንድ ቀን ሲታገሉት አመለጣቸው። ከዚያ በኋላ እኔ ካልወሰድኳቸው መጠጣት ፈሩ። 'ልጄ ሱሪዬን እንድትፈታልኝ አላደርግም' ብለው እንዳልነግርሽ አስማሉኝ።"

እሷ የአባቷን ወገብ አየች። የራሷ ስፌት ነው።

ነርሷ መጥታ ግሉኮስ ሰቀለችላቸውና ነፍስ ዘሩ። ልጅቱ ሱሪዎቹን ሁሉ ከቁምሳጥን አወጣች፤ የምትኮራበትን ቁልፍ በምላጭ እየቆረጠች ወገቡ ላይ ላስቲክ አስገባች። መኪናው ያን ቀን ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው።

ከሰነበቱ በኋላ አባቷ ግድግዳውን ተደግፈው ብቻቸውን ወደ ጓሮ ሄደው ተመለሱ። ሸሚዛቸው ከሱሪያቸው አልወጣም። ብርጭቆውን ዘረጋችላቸው፤ ግጥም አድርገው ጠጡና "ጨምሪልኝ" አሏት።

ወሩን ሙሉ የቀናችበት ቃል ነው። እንባዋ እየቀደማት ጨመረችላቸው።

በሩ ላይ የቆመውን መቀስ አዩና፣ "ለእሱም ቅጂለት፣ ልጄ" አሏት።

ቀዳችለት። ሎሚ ግን አልጨመረችበትም።