የእህቴን ኮከብ ያነሳሁበት ማታ

እንጀራዬ ሠርግ ማንሳት ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቀኑን ሙሉ «ወደ ቀኝ ጠጋ በሉ፣ ፈገግ በሉ» ስል ውዬ፣ በወር አንዴ ሁለቴ ከሉማሜ ወዲያ ወዳለው የእናቴ ቤት እሄዳለሁ። እዚያ የማነሳው ፈገግ በል የማይባል ነገር ነው። ካሜራዬን በሦስት እግሩ አቁሜ፣ ዓይኑን ወደ ሰማይ ከፍቼ እተወዋለሁ። ዓይኑን ሳይከድን በቆየ ቁጥር ኮከቦቹ የሄዱበት መንገድ እንደ ክር እየተሳበ ፎቶው ላይ ይቀራል። እኔ ከጎኑ ቁጭ እላለሁ። ሥራ የምለው ለሰው ነው እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ዕረፍቴ ነው።

ጎረቤቶቻችን ግን አልለቀቁኝም። ቃሉ ራሱ ለቀልድ ይመቻል፤ «ኮከብ ሊያነሳ መጣ» ሲባል «ምነው፣ ወድቆ ነው?» የሚል አይጠፋም። ሌሊት ሰማይ የሚያይ ሰው ደግሞ ኮከብ ቆጣሪ ነው ተብሎ ይታማል። አንዲት ሴትዮ የጠፋች ላሟ የት እንዳለች ጠይቃኝ፣ ተናድጄ «እኔ ምን አውቄ» ብያታለሁ። ላሚቱ በማግስቱ በራሷ እግር ቤቷ ገባች። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ የምታመሰግነው እኔን ነው።

ባለፈው ጥቅምት ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስል ነበር። ቤት ስደርስ ታናሽ እህቴ ዓይኗ እስኪያብጥ አልቅሳ ጠበቀችኝ። ቁይ ከተማ የሚያስተምር አንድ ልጅ ሊያገባት ሽማግሌ ሊልክ ነበር። እናቴም ልጁን ትወደዋለች፤ ልቧ ግን አላርፍ ብሏት፣ ለንስሐ አባቷ ትንፍሽ ሳትል አንድ ደብተራ ዘንድ ሄዳ የሁለቱን ስም ከየእናታቸው ስም ጋር አስደምራ ኖሯል። እሷ እሳት፣ እሱ ውሃ ሆነው ተገኙ። ኮከባቸው አይገጥምም ተባለ። እናቴም ልጁ ሽማግሌ እንዳይልክ አስነገረችው። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ፤ ግን እናቴ በክርክር እንደማትመለስ ስለማውቅ እጄን ታጥቤ ለእራት ቀረብኩ።

ከእራት በኋላ ካሜራዬን ይዤ ከጓሮው በላይ ወዳለው የግጦሽ መስክ ወጣሁ። ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ባትሪ ይዛ እየመጣች ነው።

«ባትሪውን አጥፊው እማ፤ ፎቶውን ያበላሽብኛል።»

አጠፋችውና አጠገቤ ተቀመጠች። እንደ ቀላል ነገር፣ «እስቲ የእሷንና የልጁን አንሳልኝ» አለች።

«የምናቸውን?»

«ኮከባቸውን ነዋ። ደብተራው ያየው በወረቀት ነው። ያንተ መሣሪያ እዚያው ሰማዩ ላይ ያያል። ምናልባት እሱ ተሳስቶ ይሆናል።»

ልስቅ ነበር። ግን ድምጿ ውስጥ ልመና ነበረበት፤ እናቴ ደግሞ ለምና አታውቅም። ያን ጊዜ ገባኝ። የደብተራውን መሳሳት ከእህቴ ባልተናነሰ የምትመኘው እሷ ናት።

«የትኛው የማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሁሉንም ነው የማነሳው» አልኳት።

«ሁሉንም አንሳቸው። እነሱም ከዚያው ውስጥ አይጠፉም።»

ካሜራውን ወደ ሰሜን፣ ወደ ጮቄ ተራራ አዙሬ ከፈትኩት። ከዚያ በኋላ ጊዜው ራሱ የቀለጠ መሰለኝ። ጤዛው ሳሩ ላይ ወረደ። ከበረቱ የከብቶቹ ትንፋሽ ይሰማል፤ ሩቅ መንገዱ ላይ የአንድ አይሱዙ መብራት ብቅ ብሎ ጠፋ። ሰማዩ ከላያችን ብቻ ሳይሆን ከዙሪያችንም ያለ ይመስል ነበር። ብዙ ሲያዩት የተቀመጡበት መሬት ቀስ ብሎ የሚንሳፈፍ ይመስላል፤ ሰውነት ይቀላል፣ ሐሳብም ይሳሳል። እናቴ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ካሜራው ታያለች።

እኔ ግን ፈርቼ ነበር። የሚወጣውን አውቀዋለሁ፤ የኮከቦቹ መንገድ አንዱ ከሌላው አይገናኝም። ይህን አይታ «ይኸው፣ አልገጠሙም» ብትልስ? ሁለት ክር አጠጋግቼ «እነሆ ገጠሙ» ልላት አሰብኩ። ለሙሽሮች ፎቶ ሳሳምር ከዚህ የበለጠም ሠርቻለሁ። ለእናቴ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ካሜራውን ዘግቼ አሳየኋት። ከጮቄ ጫፍ ጥቂት ከፍ ብላ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ ቆማለች፤ ሌሎቹ ሁሉ እሷን ከብበው ክር ሠርተዋል፤ ነጭ፣ ቀላ ያለ፣ ሰማያዊ የሚመስል። የክቦቹን ግማሽ ተራራው ውጦታል። እናቴ ካሜራውን ከእጄ ወስዳ ወደ ፊቷ አስጠጋችው።

«አንዱም ካንዱ አልተነካካም» አለች።

«አይነካካም እማ።»

«በዚህ ሁሉ መሐል? አንድም?»

«አንድም።»

ጣቷን ከዳር እስከ ዳር ቀስ አድርጋ አስኬደችው።

«እንግዲያ የእኔና የአባትህም እዚሁ ውስጥ አለ።»

«ይኖራል።»

«ሳይገጥም ነዋ አፈር እስኪለየን የኖርነው።»

ካሜራውን መለሰችልኝ። ጋቢዋ ላይ የተጣበቀውን ሳር አራግፋ፣ በጨለማው ቁልቁል ወረደች። በሩ ሲከፈት፣ እህቴንም ስትቀሰቅሳት ሰማሁ።

«አንቺ፣ ተነሽ። ደውይለትና ሽማግሌዎቹን ይላክ በይው።»