በሐምሌ ጃኬት
ኤርፖርት ለሥራ የምትሄደው እታገኝ ቶሮንቶ ውስጥ ከዌስተን ጣቢያ ባቡር ስትሳፈር፣ ፊት ለፊቷ አንድ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው በሐምሌ ሙቀት ወፍራም የክረምት ጃኬት ለብሰው ተቀምጠዋል። ሻንጣቸውን መጽሐፍ ሞልቶታል። ላብ አጥምቋቸዋል፤ ፊታቸው ግን እንደ ሙሽራ ያበራል። መዳፋቸው ላይ በአማርኛ ፊደል የጻፉትን እንግዳ ቃል ደጋግመው ያነበንባሉ።

«ጋሼ፣ ምን ቋንቋ ነው?» አለቻቸው።

«የኢኑዊቶች፣ የሰሜን ካናዳ ነባር ሕዝብ ሰላምታ ነው፣ ልጄ። ማስተርሴን የምሠራው በሰሜን ዋልታ አገር ላይ ነው። የምሄድበት መንደር ሽማግሌዎች ካልፈቀዱልኝ ጥናት የለም።»

«በዚህ ዕድሜዎ ያን ብርድ ይችሉታል?»

«እዚህ ቶሮንቶ ሃያ ሁለት ክረምት በረዶ በአካፋ ጠርጌአለሁ» አሉ ፈገግ ብለው። «አሁን አገሩ ድረስ ሄጄ ልጠይቀው ነው።»

ባቡሩ ኤርፖርት ደርሶ ገና ሳይቆም ተነሥተው በሩ ጋ ደረሱ።