የመስኮቱ ሥር ጃንጥላ

ሽታ አልችልም። ይህን መጀመሪያ ልናገረውና ይውጣልኝ። የረጠበ ካልሲ፣ የሰነበተ ወጥ፣ በክረምት ስልሳ ተማሪ ጭቃ ጫማውን ይዞ የገባበት ክፍል፣ ሁሉም ሆዴን ይገለብጠዋል። ባለቤቴ «አንቺ እኮ አፍንጫ ብቻ ነሽ» እያለ ይቀልድብኛል። አንድ ነገር ከሸተተኝ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ እኔ ዝም ብል እንኳ ፊቴ ይናገራል። የማወራውም ስለዚሁ አፍንጫዬና ስለ አንዲት ተክል ነው።

ተክሏን ያመጣኋት ከባሕር ዳር ነው። ለሥልጠና ሄጄ መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጥ ሰው ገዛኋት፤ ያኔ ከስንዝር አትበልጥም ነበር። ከእያንዳንዱ ዘንግ ጫፍ ሰባት ስምንት ቅጠል ክብ ሠርቶ ይዘረጋል፣ ልክ እንደ ትንሽ ጃንጥላ። ሻጩ «ድንክ ናት፣ ቤት ውስጥ ትኖራለች፤ ብርሃን ብቻ አትንፈጊያት» አለኝ። እስከ ንፋስ መውጫ ድረስ በሚኒባስ ጭኔ ላይ አድርጌ መጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ቄስ ሲያዩኝ ቆይተው «ልጄ፣ ክርስትና ልታስነሻት ነው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ።

አምስት ዓመት አሳደግኋት። ሳሎናችን አንድ ደህና መስኮት ነው ያለው፤ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት። በትልቅ ሸክላ ተክዬ እዚያ ሥር አስቀመጥኋት። ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከትቼ ደርቆ ካላገኘሁት ውሃ አላጠጣም። ወደ አንድ ወገን እንዳትጎብጥ በየሳምንቱ ሸክላዋን አዞራለሁ፤ ቅጠሏን አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ እወለውላለሁ። ጫፏን ስቆርጠው ከጎን ታቆጠቁጣለች፤ የቆረጥኩትንም ሥር አስወጥቼ ሌላ ቦታ እተክላለሁ። አንድ ዓመት ሞኝነቴ አይሎ ሦስቱን ጓሮ፣ ከጎመኑ ጎን ተከልኋቸው። ክረምቱን አምሮባቸው ወጡ። ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ብወጣ ውርጭ መትቷቸው፣ ጠቁረውና ሙሽሽ ብለው አገኘኋቸው። ከዚያ ወዲህ ትንንሾቹን በተቆረጠ ጀሪካን ተክዬ በረንዳ ላይ አኖራቸዋለሁ፤ ውርጭ በሚጥልበት ወር ደግሞ ሲመሽ አንድ በአንድ ወደ ቤት አስገባለሁ። ጎረቤቶቼ «በጎችሽን አስገባሽ?» ይሉኛል። ይበሉ።

ያለፈው ዓመት ሰኔ ላይ፣ ክረምቱ መንገዱን ሳይቆርጠው፣ አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከስማዳ መጡ። ቤታቸው ከወገዳ ወዲያ ባለ ገጠር ነው። ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ከብቶቻቸውን ለልጆቻቸው አከፋፍለው፣ አንድ ጋቢና አንድ መቁጠሪያ ይዘው እኛ ዘንድ ገቡ። ባለቤቴ «አልጋቸውን መስኮቱ ሥር እናድርግላቸው፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይምታቸው» አለ።

«እሷስ የት ትሂድ? ብርሃን ካላገኘች ትረግፋለች» አልኩ።

ባለቤቴ አልጋውን በሩ አጠገብ ካለው ግድግዳ ጋር አስጠጋው። አማቴ ይህን ሁሉ ሰምተዋል። «የትም ይበቃኛል ልጆቼ፣ አትጨነቁ» አሉ።

ነሐሴ ላይ ተክሏ ከሳች። ጭጋጉ ለሳምንታት አልገለጥ ስላለ ቅጠሏ ቢጫ እየሆነ ይረግፍ ጀመር። ጠዋት የረገፈውን ስለቅም «ወይኔ ልጄን! ምን ሆነችብኝ?» እላለሁ። አንድ ቀንማ እንባዬ መጣ። ውሃ በዝቶባት ይሆናል ብዬ ከዚያ ወዲያ ማጠጣቱንም መነካካቱንም ተውኩ። አማቴ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ያዩኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ ቤቱ መሽተት ጀመረ። የኮመጠጠ፣ የበሰበሰ፣ የከብት በረት ያለበት ሽታ። ከትምህርት ቤት መጥቼ በሩን ስከፍት እሱ ነው የሚቀበለኝ። እኔ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ነገር እንዴት እንደሚበሰብስ ሰሌዳ ላይ ሥዬ ለልጆች የማስረዳ ሰው ነኝ። ሽታው ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ግን ፍለጋ እንኳ አልጀመርኩም። ቤቱ ውስጥ አዲስ የገባ ማን ነው? ያረጀ ማን ነው? ራሱን ቅቤ የሚቀባ ማን ነው? በቃ፣ ፈረድኩ።

መጀመሪያ አንሶላቸውን አጠብኩ፤ ቀጥሎ ጋቢያቸውን። ከዚያ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አወጣሁ። «እማማ፣ ዛሬ ገላዎን ልጠብዎ» እላቸዋለሁ፣ ለእሳቸው ያሰብኩ መስዬ። እሺ ብለው ይታጠባሉ፤ «ተባረኪ፣ ልጅ ውለጂ» እያሉ ይመርቁኛል። እኔ ጀርባቸውን ሳሽ ትንፋሼን ይዣለሁ። ያኔ ያስጠሉኝ እሳቸው ነበሩ። አሁን የምታስጠላኝ ያቺ እየተመረቀች ትንፋሿን የያዘች ሴት ናት።

ሽታው አልለቀቀም። ኅዳር ላይ የማርያም ማኅበር ተራ እኛ ቤት ደረሰ። ጠላ ጠምቄ፣ ዳቦ ደፍቼ ሴቶቹን ተቀበልኩ። ገና ከመቀመጣቸው ጎረቤቴ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ሳብ አደረገችና ቀስ ብላ ወደ አማቴ ዞረች። አማቴም አዩዋት። በእጃቸው የያዙትን ዳቦ ሳይቆርሱ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። እኔ ግን ያፈርኩት ለራሴ ነው፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ ባለቤቴን «ወይ እናትህ ኋላ ቤት ይግቡ፣ ወይ ከእንግዲህ እዚህ ቤት ሰው አልጠራም» አልኩት።

«ኋላ ቤት? በዚህ ብርድ?»

«ብርድ ልብስ እጨምርላቸዋለሁ።»

ኋላ ቤት የምንለው ድንችና እንጨት የምናስቀምጥባት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ባለቤቴ ጮኸ፣ እኔም ጮኽኩ። አማቴ ከውስጥ ሰምተው ኖሮ ማንም ሳይነግራቸው ጋቢያቸውን አጣጥፈው ወጡ። «ተዋት ልጄ፣ እውነቷን ነው» አሉት። «እርጅና ይሸታል። የኔ አፍንጫ ከሞተ ቆየ እንጂ አውቀው ነበር።»

ያን ዕለት ሲመሽ ሰማዩ ጠራ፤ ውርጭ እንደሚጥል አወቅሁ። ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ ከበረንዳ ወደ ሳሎን አስገባሁና በሩን ዘጋሁ። ምንም አልተሰማኝም። እንዲያውም በጊዜ ያስገባኋቸው ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት።

ሽታው አሁንም አለ። አልጋቸው የነበረበትን ግድግዳ በበረኪና ፈተግሁ። «ሰርጎ ገብቷል» አልኩ። ሳምንት ሄደ፣ ሌላም ሳምንት። ታኅሣሥ ላይ አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ገበያ ወጥቶ ብቻዬን ሳሎኑን ስጠርግ፣ ከሸክላው ሥር ልወለውል ብዬ ዘንበል አደረግሁት። ከሥሩ ያለው ሳህን ላይ ጥቁር፣ የሚያዳልጥ ውሃ ተኝቷል። ውሃው ውስጥ ነጫጭ ትል ይርመሰመሳል። አፈሩን በማንኪያ ጫር ሳደርገው ሽታው ፊቴን መታኝ፤ ሮጬ ወጥቼ አስመለስኩ።

አፌን ተጉመጥሙጬ ተመለስኩ። አፈር የለም፤ የሻገተ የገብስ ገለባና የጌሾ ቅጠል ነው። በሸክላው ከንፈር ዙሪያ ጨው ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። ግንዷን ስነካው ልጣጩ እጄ ላይ ቀረ። ሥሯ በስብሶ አልቋል፤ ላይዋ ላይ ያሉት ጥቂት ቅጠሎች ገና ሞቷ አልደረሳቸውም።

ይህን እያየሁ ሳለሁ የኋላው በር ተከፈተና አማቴ ጣሳ ይዘው ገቡ። ከባለቤቴ ጋር ገበያ የወጣሁ መስሏቸዋል። ሲያዩኝ ክው አሉ።

«ምንድን ነው እሱ እማማ?»

«አተላ ነው ልጄ። ትንሽ ጨው ነካ አድርጌበታለሁ።»

«ለማን?»

«ለዚችው ነዋ! ስትከሳብሽ ስታለቅሺ አየሁሽ። እኔ ላሜ በክረምት አጥንቷ ሲወጣ በአተላና በጨው ነው ያነሳኋት። ከመስቀል ወዲህ ጠላ በጠመቅሽ ቁጥር ከአተላው በእንስራ አስቀርላታለሁ። ምን ሥራ አለኝ? አንቺ ትምህርት ቤት ስትሄጂ መጥቼ አጠጣታለሁ።» ጠጋ ብለው አዩዋትና «አላማረባትም?» አሉኝ።

ምን ልበል? ዝም ብል እሳቸው እንደሸተቱ፣ ከቆርቆሮው ክፍል እንደተቀመጡ ይቀራሉ። እውነቱን ብናገር ደግሞ እዚህ ቤት ያገኙት አንድ ሥራ ይህ ነበር፤ እሱንም እነጥቃቸዋለሁ። እጄ ላይ ያ ጥቁር ጭቃ አለ፤ አፌ ገና ይመረኛል። ተናገርኩት።

«እማማ፣ እርስዎ አይሸቱም። ሸትተውም አያውቁም። ቤቱን ያሸተተው ይህ ነው።»

ሸክላውን አዩ።

«ገደልኳት?»

«ሞታለች።»

ጣሳውን መሬት አስቀመጡና ወንበር ዳብሰው ተቀመጡ። የአተላውን ነገር የሚያስቡ መስሎኝ ነበር። «እኔ አልነበርኩም?» አሉኝ። «የሸተትኩት እኔ አልነበርኩም?»

«አልነበሩም።»

«ታዲያ በየማለዳው በዚያ ውሃ...» ብለው አቆሙ። ያኔ ነው እጃቸውን ያየሁት። እስከ ክርናቸው ተሰነጣጥቋል፣ ስንጥቁ ደም ይዟል። ለካ፣ ኋላ እንደነገሩኝ፣ ገና ሳይነጋ፣ በረዶ ከሠራ በርሜል ውሃ እየቀዱ፣ ገላቸውን በጤና አዳም እያሹ ይታጠቡ ኖሯል፤ እኔ ስነሳ እንዳይሸቱኝ። እኔ ባዮሎጂ አስተማሪዋ አንድ ግድግዳ አልፌ ተኝቼ አልሰማሁም።

ጉልበታቸውን ልስም ወደቅሁ። በሁለት እጃቸው ገፋ አደረጉኝ። «ተይ፣ መጀመሪያ ታጠቢ» አሉኝ። «እጅሽ ይሸታል።»

እሳቸው የሚሸታቸው ነገር እንደሌለ አውቃለሁ፤ ጭቃውን አይተው ነው ያሉት። ግን ልክ ነበሩ። ወጥቼ በዚያው በርሜል ውሃ ታጠብኩ። እጄን አጥንቴ ድረስ ቆረጠመኝ፤ እሳቸው ገላቸውን ነው ሦስት ሳምንት ሙሉ የታጠቡበት።

ሸክላውን ከነተክሏ ጓሮ ቀበርኩት። አልጋቸው አሁን መስኮቱ ሥር ነው፤ ጠዋት ፀሐይዋ ከጉልበታቸው ጀምራ እስከ አንገታቸው ትወጣለች። ለማኅበርተኞቹም ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ፣ የራሴን ሳላስቀር። ጎረቤቴ ከት ብላ ሳቀች፤ አማቴም አብረው ሳቁ። ያለቀ መሰለኝ።

ነገር ግን እንግዳ ሊመጣ በሆነ ቁጥር፣ ነጠላቸውን ለብሰው ከጨረሱ በኋላ፣ በእጃቸው ጠቅሰው ይጠሩኛል።

«ልጄ፣ ሰው ሳይመጣ እስቲ ቅረቢና አሽትቺኝ።»

አንገታቸው ሥር ጎንበስ ብዬ አሸታለሁ። ሳሙናና ቅቤ ነው። «ምንም የለም እማማ» እላለሁ።

«እውነትሽን ነው? ደግመሽ እዪ» ይሉኛል።

ደግሜ አሸታለሁ።