ኮዴን ያረሙልኝ እትዬ ዘነበች

ዛሬ ጠዋት ቴፒ ላይ፣ በስድስት የቡና ነጋዴዎች ፊት፣ የሠራሁት ዌብሳይት ድርቅ ብሎ ቀረ።

ዌብሳይቱ የእትዬ ዘነበች ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ቡና ማድረቂያ አላቸው። «ቡና ለማዘዝ» የሚለውን በተን እሳቸው ቢጫኑት፣ እኔ ብጫነው፣ ወይ ፍንክች!

(እኔማ «ኔትዎርክ ነው» ብያለሁ። ሁሌም የምለው እሱን ነው።)

«ኮምፒውተሩ ማንበብ የሚጀምረው ከየት ነው?» አሉኝ እትዬ።

«ከላይ ወደ ታች ነው።»

«በተኑን የሚያሠራውስ?»

«ጃቫስክሪፕት ይባላል። ከላይ አድርጌዋለሁ።»

«በተኑስ የት ነው?»

«ከታች።»

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ ማድረቂያ አልጋው ሳይሠራ እሸት ቡና የሚያሰጣ ሰው ጠርተህ፣ ቢመጣ የት ላይ ያስጣልህ?»

ነጋዴዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ኮዱን ከላይ አንሥቼ ገጹ መጨረሻ ላይ አስገባሁት፤ በተኑ ወዲያው ሠራ። አራት ዓመት ሙሉ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ!

«ጎበዝ» አሉ እትዬ። «አሁን ደግሞ ከታች የወሸቅከውን ፎቶዬን ወደ ላይ አውጣው። እኔ ኮድ አይደለሁም።»

እስቲ እናንተም ሙያችሁን ያልተማረ ሰው ያረማችሁ ቀን ካለ ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልፈር።