ሽማግሌ ያስመጣብኝ ኢሜይል

ቡሬ በተከራየሁባት ክፍል፣ ላይብረሪ የሚሉትን፣ ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁትን ኮድ ይዤ ኢሜይል በራሱ የሚልክ የኮምፒውተር ፕሮግራም ስጽፍ ከረምሁ። መሥራቱን የምሞክረው ወደ ራሴ አድራሻ እየላክሁ ነው፤ ሌላ የምልክለት ሰው አልነበረኝም። መልእክቱ በደረሰ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። አከራዬ እማማ ጥሩየ በግድግዳው በኩል ይሰማሉ።

"ወዳጅህ እንዴት ያለ ደግ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይጠይቅሃል" ይሉኛል። እኔም ላኪው ራሴ መሆኔን መናገር አፍራለሁ።

ፕሮግራሙ ተሳካና መሞከሬን ተውሁ። ስልኬም ዝም አለ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሬ ተንኳኳ። እማማ ጥሩየ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ቆመዋል።

"ከወዳጅህ ተጣላህ መሰል፤ ድምፁ ጠፋ" አሉኝ።

አንደኛው ሽማግሌ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ "ጥፋቱ የማንም ይሁን፣ እናስታርቃችኋለን። አንተ ብቻ የወዳጅህን ቤት አሳየን" አሉ።

"ግቡ" አልኋቸው፤ "ቤቱ ይኸው ነው።"