ስለ ኳርክ የሰጠሁት ቃል

የታሰርኩት ሱቄን በመዝጋቴ ነው። ሱቅ በየቀኑ እዘጋለሁ፤ የዚያን ቀን ግን በጠዋቱ ዘጋሁት፣ ደመወዝ የዘገየባቸው መምህራን ሆሳዕና ከተማ አደባባይ ስለወጡ። ያስገቡኝ ክፍል ለእህል መጋዘን የተሠራ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ ከራስ በላይ። እኩለ ቀን ላይ ግድግዳው ራሱ ያልበው ነበር። ቅቤ ነጋዴ ነኝ፤ እዚያ ውስጥ ረግቶ የሚያድር ቅቤ እንደማይኖር ገና ከበሩ አወቅሁ።

አጠገቤ ከዶዮገና የመጣ ወጣት የፊዚክስ መምህር ነበር። ሰው ሁሉ ሲያማርር እሱ፣ "ይሄም ሙቀት ሆነና ነው?" አለ።

"ቲቸር፣ አንተን ፀሐይ ላይ ነው እንዴ ያሳደጉህ?" አለው አንድ ከቦኖሻ የመጣ ሾፌር።

መምህሩ በሸሚዙ እያራገበ ጀመረ። ዓለም ስትጀመር እጅግ ሞቃት ነበረች አለ፤ ብረት የለ፣ ውሃ የለ፣ አቶም እንኳ የለ። ኳርክ የሚባሉ ቅንጣቶች በዚያ ሙቀት ልቅ ሆነው ይርመሰመሱ ነበር። ዓለም እየሰፋች ስትቀዘቅዝ ሦስት ሦስት እየሆኑ ተያያዙ። የእኛም ሥጋ የተሠራው ከእነሱ ነው።

"አንዱን ነጥዬ ባወጣውስ?" አልኩት።

"አይወጣም ጋሼ። ቢስቡት ማሰሪያው ይጠብቃል። አብዝተው ከሳቡት ደግሞ የሳቡበት ጉልበት ራሱ አዲስ ጓደኛ ይሆነዋል። ብቻውን የተገኘ የለም።"

"እኛንም ሦስት ሦስት አድርገው ቢያስሩን መተኛ ይተርፈን ነበር" አለ ሾፌሩ። ክፍሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ትምህርት ሆነ።

ወሬው መርማሪው ጋ ደረሰና ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ "ቃሌ" ተጽፎ ጠበቀኝ፤ መምህሩ እስረኛውን ሰብስቦ ለዐመፅ ይቀሰቅሳል ይላል።

"ፈርምና ወደ ሱቅህ ሂድ" አለኝ። "እሱ እንደሆነ መከሰሱ አይቀርለትም።"

እኔ ቅቤ ስገዛ ላዩን አላምንም፤ እንጨት ሰድጄ ከሆዱ አወጣና አሸታለሁ። ውስጡ ሙዝ የተደባለቀበትን ስንቴ መልሻለሁ። ያ ወረቀትም ላዩ ደህና ነበር።

"ጌታው፣ ቃሌ ከሆነ እኔ ልናገረውና እርስዎ ይጻፉት።"

"እሺ፣ ምንድን ነው የሚያስተምራችሁ?"

"ኳርክ።"

"የማን ድርጅት ነው?"

ከመጀመሪያው ጀመርኩለት። ዓለም እንደ ነጠረ ቅቤ ነበረች፤ ስትበርድ ረጋች፤ ኳርኮቹ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተያያዙ፤ ከዚያ ወዲህ አንዱን ከጓደኞቹ ነጥሎ ያወጣ የለም። እዚህ ላይ ብዕሩን አቁሞ ቀና አለ።

"ይሄን ስለ እናንተ ነው የምትለው?"

"ስለ ቅንጣት ነው። ይጻፉት።"

ጻፈው። አስነብቤ ፈረምኩ። የመለሱኝ ወደ ክፍሉ ነው እንጂ ወደ ሱቄ አይደለም።

ያልኩትን ሁሉ ለመምህሩ ነገርኩት። አንገቱን አቀርቅሮ እስክጨርስ አዳመጠኝ። ዓይኑ ረጥቦ ነበር፤ አስተማሪነቱ ግን አልለቀቀውም።

"ጋሼ፣ ደቂቃ ነው ያሉት?"

"ደቂቃ።"

"ደቂቃማ በጣም ብዙ ነው። ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ አልፈጀም።"

ሁለታችንም ከወጣን ቆይተናል። እሱ ያስተምራል፣ እኔ እሸጣለሁ። ያ ፋይል ግን ፊርማዬን ይዞ የሆነ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። አንዳንዴ ሄጄ ያቺን "ደቂቃ" ላሳርማት ያሰኘኛል። በሰጠሁት ቃል ውስጥ ያለችው ሐሰት እሷ ብቻ ናት።