አያ ሙሐመድሁሴን በአምፖሉ ዙሪያ ያዩት ቀለበት

አያ ሙሐመድሁሴን ውጫሌ ገበያ መግቢያ ላይ ልብስ መስፋት ከጀመሩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆናቸው። እኔ ፊት ለፊታቸው ክርና ቁልፍ እሸጣለሁ። “እንዴት አደሩ?” ለሚላቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ “አልሐምዱሊላህ፣ ምን ጎድሎብኝ!” ጎርፍ በረንዳቸው ገብቶ የሰው ጨርቅ ያበላሸባቸው ቀን እንኳ ይህንኑ ነው ያሉኝ። ማማረር ከአላህ ጋር መጣላት ይመስላቸዋል። ይህን ጠባያቸውን እወደዋለሁ። ገበያ ሲቀዘቅዝ መጽሐፍ ገልጬ ነው የምውለው፤ ከመጽሐፍ ያጣሁትን ብዙ ነገር ግን ከእሳቸው በረንዳ አግኝቻለሁ።

ባለፈው ነሐሴ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃታቸው። መጀመሪያ መርፌውን ተቆጡ፤ ቀጥሎ የእኔን ክር። “ይኼ ክርህ ጫፉ ይበተናል” ሲሉኝ እኔው አስገባላቸው ጀመር። የዩኒፎርም ወቅት ስለነበር ማንም ሳያስተውል ያልፍ ነበር፤ ነገሩን አደባባይ ያወጡት ባለቤታቸው እትዬ ዑምኩልሱም ናቸው። አንድ ቅዳሜ አዲስ ቀሚሳቸውን ለብሰው መጡና ሰው በተሰበሰበበት እጃቸውን ዘረጉ። አንደኛው እጅጌ በግልባጩ ተሰፍቷል።

“እስኪ እየው!” አሉኝ። “ሠላሳ ዓመት የሰፋ ሰው ለሚስቱ የሰፋው ይኼን ነው!”

“ዓይኔ ያያል፣ አልሐምዱሊላህ” አሉ አያ ሙሐመድሁሴን።

“ያያልማ! ግልባጩን ነው እንጂ። ሐኪም ዘንድ ካልሄድህ ቀሚሴን ለሌላ ሰፊ ነው የምሰጠው።”

ከዚያ በኋላ አላንገራገሩም። ሐይቅ ከተማ ያለ የዓይን ክሊኒክ ቀጠሮ ሲሰጣቸው ሰው ይዘው እንዲመጡ ነገራቸው። የዓይናቸውን ውስጥ ለማየት ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ይደረግላቸዋል፤ ከዚያ ለሰዓታት ብርሃን ይወጋቸዋል፣ የቅርብ ነገርም ይደበዝዝባቸዋል። ሱቄን ዘግቼ አብሬያቸው ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ፌስታል ታቅፈዋል። ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ “ሦስት ሱሪ ነው። ተራ እስኪደርሰኝ ቁልፍ እተክላለሁ፤ አንተ ክሩን ታስገባልኛለህ” አሉኝ።

መዝገብ ክፍል ያለችው ሠራተኛ ቅጽ ይዛ ጠየቀቻቸው።

“ዓይንዎን ያምዎታል?”

“አልሐምዱሊላህ።”

“ራስ ምታትስ?”

“አልሐምዱሊላህ።”

“ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ?”

“አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ።”

ሁሉም ላይ “የለም” ብላ ምልክት አደረገች። አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ እኔንም ደንቆኝ አልነበረም። መልሳቸውን ለምጄው የለ!

ጠብታውን የምታደርገው ሲስተር ስህን የአምባሰል ገበሬ ልጅ ናት። ብልቃጡን ከፍታ፣ ቅጹን ዳግመኛ አየችና እጇን ያዝ አደረገች።

“አያ፣ ይኼ ወረቀት ሁሉንም ‘የለም’ ይላል።”

“አልሐምዱሊላህ።”

ሳቀች። “አባቴም እንደ እርስዎ ናቸው። ግሸን ሥር ነው የሚኖሩት። እግራቸው ተሰብሮ ተሸክመን ስናወርዳቸው ‘ተመስገን’ ይሉ ነበር። እስቲ በሌላ ልጠይቅዎት። መሸት ሲል የሥራ ቦታዎን አምፖል ሲያዩት ምን ይመስላል?”

የአያ ሙሐመድሁሴን ፊት በራ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ይኼን ለማንም አልተናገርኩም። ከመግሪብ በኋላ አንዳንድ ቀን አምፖሉን ቀለበት ይከበዋል። ቀይ አለው፣ አረንጓዴ አለው፣ ሰማያዊ አለው። አላህ ለወንጀለኛው ባሪያው ያሳየኝ ኑር፣ የራሱ ብርሃን ነው ብዬ ሥራዬን አቁሜ አመሰግናለሁ።”

ሲስተር ስህን ብልቃጡን ከድና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

“ያን ጊዜ ቅንድብዎ አካባቢ ይከብድዎታል?”

“ይከብደኛል። አንዳንዴም ያስመልሰኛል። ተኝቼ ስነሳ ግን ይለቀኛል፤ አልሐምዱ—”

“ምስጋናውን አልከለክልዎትም፣ አያ። ስንት ጊዜ ሆነብዎት?”

“ከረመዳን ወዲህ… አምስት፣ ስድስት ጊዜ።”

ባትሪ አብርታ ከዓይናቸው ጎን ያዘችው። ብርሃኑ ወዲያ ማዶ አልደረሰም፤ በአፍንጫቸው በኩል ያለው የዓይናቸው ግማሽ ጥላ አጠላበት። ከዚያ የዓይናቸውን ግፊት ለካች። ስትነግራቸው ቀስ ብላ ነበር። ዓይን ውስጥ ሁልጊዜ ውኃ ይመነጫል፤ መውጫው ጠርዙ ላይ ነው፤ የእርሳቸው መውጫ ጠባብ ነው። ጠብታው ለብዙ ሰው ደህና ነው፤ እንዲህ ያለ ጠባብ ዓይን ላይ ግን ብሌኑ ሲሰፋ መውጫውን ሊዘጋው ይችላል። ከተዘጋም ግፊቱ ወዲያው ያሻቅባል፤ በቶሎ ካልታከመ ዓይን ያጠፋል። በረንዳቸው ሲጨልም ብሌናቸው በራሱ እየሰፋ ያንን ቀለበት ሲያመጣባቸው ከርሟል።

አያ ሙሐመድሁሴን ፌስታሉን ጭናቸው ላይ አጥብቀው ያዙት።

“ታዲያ ያ ኑር… በሽታ ነበር?”

“ምልክት ነበር፣ አያ። ዛሬ ደረስንበት። አሁኑኑ ደሴ ይሄዳሉ።”

እስከ ደሴ ግማሽ መንገድ ፌስታሉን ሳይከፍቱ ታቅፈውት ሄዱ። የከበዳቸው ሕመሙ አልመሰለኝም፤ ያመሰገኑበት ነገር ነው። እኔም፣ “ቀለበቱን አላህ ባያሳይዎት ሲስተር ሕመሙን በምን ታውቀው ነበር?” አልኳቸው። ዞረው አዩኝ። ያን ጊዜ ነው ቁልፍና መርፌ ያወጡት፤ ሚኒባሱ እየተንገጫገጨ ክሩን አስገባሁላቸው።

ደሴ ሆስፒታል ውስጥ በዚያው ቀን የግፊት መድኃኒት ተሰጣቸው፤ በጨረር በሁለቱም ዓይናቸው ላይ ለውኃው ትንሽ መሹለኪያ ተበጀለት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ሐይቅ ተመለስን። ሲስተር ስህን የደሴውን ሐኪም ወረቀት አነበበች፤ ግፊቱን ለካች፤ በባትሪም አየች።

“እንዴት ነዎት?” አለች።

“አልሐምዱሊላህ” አሉና እኔን አዩኝ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “የግራው ግን ጧት ጧት ይቆረቁረኛል። ምስጋናዬን ለአላህ ሰጥቻለሁ፤ መቆርቆሩን ደግሞ አንቺው ያዢው።”

እየሳቀች ጻፈችው። አሁን ጠብታውን አደረገችላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው የአፍንጫቸውን ሥር በጣት እንዲጫኑ ነገረቻቸው። “እስከ ነገ መኪናዎ ላይ አይቀመጡም” አለች፤ የስፌት መኪናውን ማለቷ ነው። “ዓይንዎ ቀልቶ አጥብቆ ካመመዎት ወይም ካስመለሰዎት ነገን ሳይጠብቁ ይምጡ።” የዓይናቸው ነርቭ እንዳልተጎዳ የክሊኒኩ ሐኪም አይቶ ነገራቸው። መርፌውን የጋረደባቸው ዕድሜ ነበር፤ የማንበቢያ መነጽር ታዘዘላቸው። ስንወጣ ፀሐይዋ ወጋቻቸው። ባርኔጣዬን ደፋሁላቸው፤ ክንዴን ይዘው እስከ መናኸሪያ ተጓዙ።

በማግሥቱ እትዬ ዑምኩልሱም ቀሚሱን ይዘው መጡ። አያ ሙሐመድሁሴን መነጽራቸውን አድርገው፣ ክሩን ራሳቸው አስገቡ፤ እጅጌውን ፈትተው ደግመው ሰፉት። ሲጨርሱ መግሪብ ተሰግዶ ነበር። መብራት አበሩና ቀና ብለው አምፖሉን ትኩር ብለው አዩት።

“ምን ይታይዎታል?” አልኩ ከማዶ።

“አምፖል” አሉ። “አምፖል ብቻ። አልሐምዱሊላህ።”